ዳገት የሚወጣው ከግርጌው ነው

የተጠራሁት ስለ ብስክሌት እንድናገር ነው። እኔ ደግሞ ከብስክሌት ነገር ሁሉ ዳገትን ነጥዬ ልናገር ፈለግሁ። ሜዳ ላይ መንዳትን ማንም ሰው በሳምንት ይለምደዋል። ባሕር ዳርን ያየ ያውቃል፤ ከተማው ሜዳ ስለሆነ ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ይመላለሳል። በእኛ በኩል ግን አንድ ወንዝ ወርደን፣ አንድ ጋራ ወጥተን ነው ዘመድ የምንጠይቀው። እዚህ ብስክሌት የሚፈተነው ዳገት ላይ ነው። ብዙ ሰው ተማርሮ ብስክሌቱን የሚሸጠውም በዳገት ምክንያት ነው።

ነገሬን ከአንድ ዳገት ልጀምር። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ከዚህ ከፍኖተ ሰላም ተነስቼ ወደ ማንኩሳ የሚወስደውን አስፋልት ወደ ጎን ትቼ፣ ቀበሌን ከቀበሌ በሚያገናኘው ጥርጊያ መንገድ እጓዛለሁ። በቆሎው ተሰብስቦ አገዳው ብቻ ማሳው ላይ ቀርቷል። በየደጃፉ በርበሬ ተሰጥቶ ግቢው ቀልቷል፤ ነፋስ ሲነሳ አፍንጫ ይሰነፍጣል። አንዲት ጅረት ተሻግሬ ቀና ስል ዳገቱ ፊቴ ተደቀነ። ርዝመቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ግን ቀጥ ያለ ነው። መሬቱ ቀይ አፈር ሲሆን ላዩ ላይ እንደ ሽንብራ የሚንከባለል ጠጠር ተበትኗል። ከቁልቁለቱ ያመጣሁት ፍጥነት አፋፉ ድረስ ያወጣኛል ብዬ በከባድ ማርሽ ተንደረደርኩ። የመጀመሪያውን መቶ ሜትር በረርኩ። ከዚያ እግሬ ድንጋይ ሆነ። ማርሹን ላቅልል ስል ሙሉ ክብደቴ ፔዳሉ ላይ ነበርና ካቴናው ተንቋቋ፣ ከጥርሱ ወጣ፣ ተበጠሰ። ብስክሌቷ ቀጥ አለች፤ እኔም በጎኔ ወደቅሁ።

አቧራዬን እያራገፍኩ ሳለ አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ በቆሎ የጫኑ ሁለት አህዮች እየነዱ ከሥር መጡ። አህዮቹ ዳገቱን ቀጥ ብለው አልወጡትም። ከመንገዱ ግራ ጠርዝ ወደ ቀኝ ጠርዝ በአግድም ይሄዳሉ፤ ጠርዙ ጋ ሲደርሱ ይዞራሉ፤ ሲዞሩ ሁለት ሦስት ትንፋሽ ያህል ቆም ይላሉ። ሰውየው በዱላ አይነካቸውም፤ አህዮቹ በቆሙ ቁጥር እሳቸውም ይቆማሉ። አጠገቤ ሲደርሱ ጉልበቴ ላይ ያለውን ጭረት አይተው፣ «ልጄ፣ ዳገት እልህ አይወድም። እነዚህን አላየሃቸውም?» አሉኝ። እኔ የካቴናዬን ቁራጭ ከአቧራው ውስጥ ስፈልግ አህዮቹ ከነጭነታቸው አፋፉን ተሻግረው ከዓይኔ ጠፉ።

ሙያዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው። ብዙ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለ ተዳፋት ሳስተምር ኖሬ፣ ተዳፋቱን የተማርኩት ግን በዚያ ቀን ነው። አህያዋ በአግድም ስትሄድ የምታደርገው ነገር ምንም ምስጢር የለውም። ከፍታው አይቀንስላትም፤ መንገዱ ግን ይረዝማል፤ መንገዱ ሲረዝም በእያንዳንዱ እርምጃ የምትሸከመው ድርሻ ያንሳል። ብስክሌት ላይ ያለው ማርሽም ሥራው ይኸው ነው። ፊት 32 ጥርስ፣ ኋላም 32 ጥርስ ሲሆን ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላው ጎማ አንዴ ይዞራል፤ ብስክሌቷም ሁለት ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ማርሽ የሌላት የተለመደችው ብስክሌት በአንድ ዙር አምስት ሜትር ገደማ ልትሄድ ትፈልጋለች። ዳገት ላይ በአንድ ዙር አምስት ሜትር ማለት በቆሎውን ጭኖ ቀጥ ብሎ መውጣት ማለት ነው። በሁለት ሜትሩ ማርሽ፣ ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ብናዞር፣ በሰዓት ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል እንሄዳለን። ፈጠን ብሎ ከሚራመድ ሰው ብዙም አይበልጥም። ግን አይቆምም፣ አይወድቅም፣ ካቴናም አይበጥስም።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ማርሽ የሚገባበት ጊዜ ነው። እኔ የሳትኩት ወገቡ ላይ አይደለም፤ ወገቡ ላይ ቅጣቱ ደረሰብኝ እንጂ ጥፋቱን የሠራሁት ጅረቷ ዳር ነው። ማርሽ የሚቀልለው መሬቱ ገና ደልዳላ ሳለ፣ እግር ፔዳሉ ላይ ሳይጨነቅ፣ ካቴናው ላላ ብሎ ሲዞር ነው። በኋላማ ካቴናው እንደ ክራር ጅማት ከተወጠረ አንዱ ጥርስ ወደ ሌላው አያሳልፈውም።

የብስክሌት ታሪክም ይህንኑ ይናገራል። በፈረንሳይ ዙር ውድድር ላይ ማርሽ የሚቀይር መሣሪያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ከዚያ በፊት ብስክሌተኞቹ የኋላ ጎማቸው በግራና በቀኝ የተለያየ ጥርስ ነበረው። ከዳገቱ ግርጌ ሲደርሱ ወርደው፣ ጎማውን ፈትተው፣ ገልብጠው፣ ትልቁን ጥርስ ወደ ካቴናው አዙረው ያስሩትና ይወጣሉ። በውድድር መሀል፣ ደቂቃ በሚቆጠርበት ሰዓት፣ ቁጭ ብሎ ጎማ መገልበጥ! ይህን የሚያደርጉት ግርጌው ላይ የጠፋች ሁለት ደቂቃ ወገቡ ላይ ሃያ ደቂቃ እንደምታተርፍ ስለሚያውቁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1910 ያ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በፒሬኔ ተራሮች ላይ በታላላቆቹ አቀበቶች ሲያልፍ መንገዱ አስፋልት አልነበረም። በቅሎ የሚሄድበት፣ ድንጋይ የፈሰሰበት ጥርጊያ ነበር፤ የእኛን የገጠር መንገድ የሚመስል። የቀኑ ጉዞ 326 ኪሎ ሜትር ነው። የዓመቱ አሸናፊ የሆነው ኦክታቭ ላፒዝ ከብስክሌቱ ወርዶ እየገፋ ነው አቀበቱን የወጣው፤ አዘጋጆቹንም «ነፍሰ ገዳዮች» ብሎ ጮኸባቸው። ከእነዚያ አቀበቶች አንዱ የሆነው የቱርማሌ አናት ከባሕር ጠለል በላይ 2,115 ሜትር ነው። ቡሬ ከተማ ከዚያ ከፍታ ብዙም አትርቅም። አውሮፓውያን እንደ ጉድ የሚያወሩለት የተራራ አናት፣ የቡሬ ሰው ገበያ ወጥቶ በርበሬ የሚሸጥበት ከፍታ ነው ማለት ነው። ይህን የምላችሁ እንድትኮሩ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ሰውነታችሁ ከሕፃንነታችሁ ጀምሮ በዚህ አየር የሠለጠነ መሆኑን እንድታውቁ ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ከቆላ የመጣ እንግዳ ሳንባው እስኪለምድ ቀናት ይፈልጋል። እዚህ ተወልዶ እንጨትና ውኃ እየተሸከመ ያደገ ልጅ ግን ለምዶ ነው የተነሳው።

አሁን ስለ ስንቅ ልናገር። ይህን ክፍል ተማሪዎቼ ስለሚወዱት ቁጥር ላንሳ። እኔና ብስክሌቴ ከነጓዛችን 75 ኪሎ ግራም እንመዝናለን እንበል። ከጅረት ተነስተን 500 ሜትር ከፍታ ብንወጣ፣ ክብደታችንን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 370 ኪሎ ጁል ያህል ሥራ ተሠርቷል። የሰው ሰውነት ግን ከበላው ጉልበት ወደ ፔዳል የሚያደርሰው ሩቡን ገደማ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ በላብ ይወጣል። ስለዚህ ለዚያ ዳገት የምናወጣው 350 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ነው። ይህ መቶ ግራም በሶ ነው። አንድ ሙሉ እፍኝ፣ ከዚያም ትንሽ ጭማሪ። እናቶቻችን ለመንገደኛ በሶ የሚሰንቁት በከንቱ አልነበረም፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ በውኃ ይበጠበጣል፣ እሳት አይጠይቅም። ገብስ ቆልቶ ፈጭቶ በአገልግል የሚሰንቅ ሕዝብ የዳገትን ሂሳብ አስቀድሞ ሠርቶታል። እኔ በሶዬን የምበላው ዳገቱን ከመጀመሬ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ ነው፤ ጨውም ጣል አደርግበታለሁ። ዳገቱ መሀል የራበው ሰው ቢበላም አይደርስለትም።

ስለ ትንፋሽ ደግሞ እዚሁ ጎጃም ውስጥ ከሁሉም የተሻለ መለኪያ አለን፤ ሰላምታ ነው። በገጠር መንገድ ሰው ሳያገኙ አንድ ኪሎ ሜትር መሄድ አይቻልም። ያገኘነውም ሰው «እንዴት ዋልክ» ብሎ አይተውም፤ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ሁሉ ይጠይቃል። ዳገት እየወጣሁ ይህን ሰላምታ ሙሉውን፣ ሳይቆራረጥብኝ፣ ከመለስኩ ልኩ ላይ ነኝ ማለት ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ብዬ ትንፋሼ ካለቀ ፈጥኛለሁ፤ ማርሽ ማቅለል አለብኝ። ራሴን ነቅንቄ ብቻ ካለፍኩማ፣ ከሁለት መቶ ሜትር በላይ አልዘልቅም። በክንድ ላይ የሚታሰር የልብ ምት መቁጠሪያ ያላቸው ሰዎች አይቻለሁ። መሣሪያው ጥሩ ነው። ግን ሰላምታው ከእርሱ ጋር እኩል ያስተምራል፤ በዚያ ላይ ዘመድ ያፈራል።

አስፋልት በሌለበት ዳገት አንድ ሌላ ጣጣ አለ፤ መሬቱ ራሱ። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም፣ ሕዝቡ በአጭሩ ዩራፕ የሚለው፣ ቀበሌዎቻችንን ከወረዳ ከተማ ጋር አገናኝቷል። ለብስክሌት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት የእግር መንገድ ብቻ በነበረበት ቦታ ዛሬ ጎማ ይሄዳል። ነገር ግን ክረምቱ በወረደ ቁጥር ጎርፉ ዳገቱ ላይ ያለውን አፈር ይጠርግና አለቱን ያወጣዋል፤ የጭነት መኪናውም ጎማ ሁለት ቦይ ይቆፍራል። ቦዩ ውስጥ ልስልስ አቧራ ይተኛል፤ ሲያዩት ምቹ ይመስላል፤ ሲገቡበት ግን ጎማ ይውጣል። የሚሻለው መስመር ብዙ ጊዜ ከቦዩ ውጭ፣ በጠርዙ በኩል፣ ከብትና አህያ የረገጡት ነው። የከብት ኮቴ አፈሩን ጠቅጥቆ ያጠነክረዋል፤ ከብትም በተፈጥሮው ቀለል ያለውን ተዳፋት መርጦ ይሄዳል። እኔ አዲስ ዳገት ባየሁ ቁጥር ግርጌው ላይ ቆሜ፣ ውኃ እየጠጣሁ፣ መጀመሪያ የምፈልገው የከብቱን ፈለግ ነው።

አፈሩም ይለያያል። ቀዩ አፈር ሲደርቅ ይቡናል እንጂ ጎማ አይይዝም። ዋልካው ግን ካካፋበት በኋላ ከማንኛውም ዳገት ይከፋል፤ ጎማው ላይ ይለጠፋል፣ በጎማውና በብረቱ መካከል ይጠቀጠቃል፣ ሃያ እርምጃ ሳይሄዱ ብስክሌቷ መዞር ታቆማለች። ዋልካ ላይ ጀግንነት የለም። ተሸክሞ ማለፍ፣ አለዚያም ፀሐይ እስክትወጣ መጠበቅ ነው።

ጠጠር ላይ ደግሞ አቀማመጥ ይወስናል። አስፋልት ላይ ዳገት ሲከብድ ሰው ብድግ ብሎ ቆሞ ይነዳል። ጥርጊያ ላይ ብድግ ያለ ሰው ክብደቱ ከኋላ ጎማ ላይ ይነሳና ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል፤ ጠጠሩ ወደ ኋላ ይፈናጠራል፤ ብስክሌቷ አትንቀሳቀስም። ወደ ኋላ የተደገፈ ደግሞ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳበታል። መካከሉን ማግኘት ነው፤ ከመቀመጫው ሳይነሱ ወደ አፍንጫው ሸርተት ብሎ፣ ደረትን ወደ መሪው ዝቅ አድርጎ፣ ክንድን ሳይገትሩ። ስንዴ በቁና የምትሰፍር ሴት ጎንበስ እንደምትለው ያለ አቀማመጥ ነው። የጎማውን ነፋስም በትንሹ መቀነስ ይረዳል፤ ለስለስ ያለ ጎማ ጠጠሩን አቅፎ ይይዛል፣ ጠጣር ጎማ ግን በላዩ ይንሸራተታል። ብዙ ማጉደል ግን ካላማዳሪያውን በአለት ያስቆርጣል። ዓይን የሚያርፈው ደግሞ አምስትና ስድስት ሜትር ፊት ነው። የዳገቱን ጫፍ እያየ የሚወጣ ሰው ከፊቱ ያለውን ድንጋይ ያጣል፤ ጫፉም አይቀርብለትም።

በአገራችን ስለ ዳገትና ስለ ብስክሌት ሲነሳ የዓባይ በረሃ መነሳቱ የግድ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት። ታች ወንዙ ላይ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው፣ 303 ሜትር የሚረዝመው የህዳሴ ድልድይ አለ። ከዚያ ወደ የትኛውም አፋፍ ቢወጡ ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍታ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚደረገው ቱር ዳፍሪክ የተባለው የብስክሌት ጉዞ 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲያካልል ኖሯል። በጎንደርና በባሕር ዳር በኩል ሲመጡ ብስክሌተኞቹ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አልፈው ነበር ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርዱት። እናንተም አይታችኋቸዋል። በዚያ በረሃ ዳገት ላይ ሰዓት ተይዞ ሲወዳደሩም ኖረዋል። ከመላው ዓለም መጥቶ በረሃ ላቋረጠ ሰው የጎጃምና የሸዋ ዳገት ከጉዞው ትላልቅ ፈተናዎች አንዱ ሆኖ ይታወሰዋል።

ከበረሃው የምንማረው አንድ ነገር ሰዓት መምረጥ ነው። ታች ቆላ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ድንጋዩ ራሱ እሳት ይተፋል። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቶ፣ ፀሐይ ሳትከር ግማሹን የወጣና አራት ሰዓት ላይ ከሥር የጀመረ ሰው ሁለት የተለያየ ዳገት ነው የወጡት። የእኛ ገበሬ በሬውን ገና ሳይነጋ የሚጠምደው በዚሁ ምክንያት አይደለምን?

አሁን አንድ የሚያሳዝነኝን ነገር ልናገር፤ መምህራንና ወላጆች በተለይ አድምጡኝ። ኢትዮጵያን በብስክሌት ያቋረጡ የውጭ ሰዎች ስለ ተራራው ውበት ተናግረው ሲጨርሱ፣ ብዙዎቹ ስለ ልጆች ድንጋይ ውርወራ ያነሳሉ። ይህ የሚሆነው ደግሞ ሜዳ ላይ አይደለም። ሜዳ ላይ ብስክሌተኛ ያልፋል። ዳገት ላይ ግን ከልጆቹ እኩል ይዘገያል፤ ልጆቹ ከበው አብረው ይሮጣሉ፤ ጨዋታው ደስ ሲል ይቆይና አንዱ ድንጋይ ያነሳል። በእኔም ላይ ደርሷል፤ ጀርባዬን አሞኛል። ነገር ግን በሌላ ዳገት፣ ቡሬን አልፌ ወደ ፈጣም ወንዝ በሚወርደው አገር፣ አንድ አሥር ዓመት የማይሞላው እረኛ ፍየሎቹን ትቶ መጣና ምንም ሳይናገር የኋላ መቀመጫውን በሁለት እጁ ይዞ ገፋኝ። መዳፉ ትንሽ ነው፤ ግን ግፊቱ ከጀርባዬ ይሰማኛል። አፋፉ ላይ ስንደርስ፣ «ጋሼ፣ አሁን እኔ ልቀመጥ?» አለኝ። አስቀምጬው ደልዳላው ላይ ዙር አደረግነው። ፍየሎቹን ረሳቸው። ድንጋይ የሚወረውረውም ብስክሌት የሚገፋውም ያው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ልዩነቱ አንዱን ማንም ቁጭ አድርጎ አለማስተማሩ ነው። በየትምህርት ቤቱ የሰልፍ ሰዓት ላይ አንድ ደቂቃ ብትወስዱ፣ ዳገት የሚወጣ ሰው እንግዳ ነው፣ ይገፋል እንጂ አይወገርም ብላችሁ ብትነግሯቸው ይበቃል።

ጓዝ ስለማብዛት ደግሞ ይህ አገር አንድ ታሪክ ያውቃል። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተነስተው በኦሜድላ በኩል ሲገቡ፣ አብሯቸው የነበረው ጦር ስንቁንና ጥይቱን በሺዎች በሚቆጠሩ ግመሎች ጭኖ ነበር። ግመሎቹ የበረሃ ሜዳ ከብቶች ናቸው። የጎጃምን ተዳፋት ሲጀምሩ፣ ድንጋዩና ብርዱ ሲያገኛቸው፣ በየመንገዱ ወደቁ፤ በሺዎች አለቁ። ጦሩ ቡሬን፣ ማንኩሳን፣ ደምበጫን አልፎ ደብረ ማርቆስ ሲገባ ከግመሎቹ የተረፉት ጥቂት ነበሩ። እኔ ይህን የማነሳው ብስክሌቱ ላይ ሃያ ኪሎ ጓዝ የሚያስር ወጣት ባየሁ ቁጥር ስለሚያሳስበኝ ነው። እያንዳንዱ ኪሎ በእያንዳንዱ ዳገት እንደገና ይነሳል። ለአንድ ቀን ጉዞ በሶ፣ ውኃ፣ አንድ ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ማስለጠፊያ፣ ጎማ መንፊያ፣ የካቴና መፍቻና ጋቢ ይበቃሉ። የግራር እሾህ ባለበት አገር ማስለጠፊያ ረስቶ መሄድ ግን ከሁሉም የከፋ ስህተት ነው፤ ጎሚስታ ያለው ከተማ ብቻ ነው።

መውረድና መግፋት ነውር የሚመስላቸው ብዙ ልጆች አሉ። ላፒዝ ገፍቷል ብያችኋለሁ። ወርዶ መግፋት ሲያስፈልግ ጥበቡ ቀድሞ መውረድ ነው፤ ጉልበት ጨርሶ ሳያልቅ፣ ሚዛን ሳይጠፋ። ከወረዱ በኋላ ብስክሌቷን በገደሉ በኩል፣ ራስን በተቃራኒው አድርጎ፣ በአህያዋ አካሄድ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ መግፋት። እንደገና መነሳት ሲፈለግ ደግሞ ቀጥ ብሎ ሽቅብ አይነሳም። ብስክሌቷን በመንገዱ አግድም አቁሞ፣ ፍሬኑን ይዞ፣ አንዱን ፔዳል ወደ ላይ አድርጎ፣ በአግድሙ ሁለት ሦስት ዙር ሄዶ ሚዛን ሲገኝ ወደ ላይ ማዞር ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ የተለማመደ ሰው የትኛውም ዳገት መሀል ቢቆም መንገዱ አይቋረጥበትም።

የወጣ ይወርዳልና ስለ ቁልቁለት በአጭሩ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ሰከላ ደርሶ የዓባይን ምንጭ ከሩቅ ሲያሳዩት፣ ጫማውን አውልቆ ቁልቁለቱን ሮጠ፤ በአበባ ሥር እየተሰናከለ ሁለት ጊዜ ክፉኛ ወደቀ። ይህን የጻፈው ራሱ ነው። የዚያን ሁሉ ዓመት መንገድ ችሎ የመጨረሻዋን ቁልቁለት መታገሥ አቃተው። ብስክሌት ላይም ብዙ ሰው የሚሰበረው ዳገቱን ወጥቶ ደስ ካለው በኋላ ነው። ጠጠር ላይ የፊት ፍሬን በኃይል አይያዝም፤ ሁለቱም በስሱ፣ ተራ በተራ፣ ፍጥነቱ ገና ሳይገፋ ይያዛሉ። መቀመጫውን ለቆ ክብደትን ወደ ኋላ መጣል ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ይህ ነገር ለእኛ ይሆናል ወይ የሚል ይኖራል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው፤ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። የመቐለው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 የፈረንሳይን ዙር ሲጀምር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት በዚያው ውድድር ላይ ተራራ በመውጣት ለሚበልጥ ብስክሌተኛ የሚሰጠውን ነጠብጣብ ማልያ ለብሷል፤ ከአፍሪካ ማንም ከእርሱ በፊት አልለበሰውም። የሁሉም ትምህርት ቤት ዳገት ነው፤ እንደ እኛው ያለ ዳገት።

እኔን ግን ከማልያው ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ወደ ወረዳ ከተማ ሁለት ሰዓት በእግሯ የምትመላለስ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አለች። ብስክሌት ብንሰጣት ማርሽ የሌላት፣ ከሃያ ኪሎ በላይ የምትመዝን ብስክሌት ናት የምንሰጣት፤ ያቺ ብስክሌት ሦስት ዳገት ካለፈች በኋላ ግድግዳ ተደግፋ ትቀራለች። ያን ጊዜ፣ ብስክሌት ለገጠር አይሆንም ይባላል። የማይሆነው የኋላው ጥርስ ነው። የምትገዙም፣ የምትለግሱም፣ ለነጋዴ የምታዝዙም ሁሉ፣ እባካችሁ፣ ቀለሟን ከማየታችሁ በፊት የኋላውን ትልቁን ጥርስ ቁጠሩ። ከ30 በታች ከሆነ ለእኛ ዳገት አልተሠራችም። ለጎሚስታዎቻችንም ካቴና የማጥበቅ፣ ማርሽ የማስተካከል ሥልጠና ይሰጥልን።

መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ በቡሬና በጥሊሊ አድርጌ እስከ ግሽ ዓባይ ወጥቻለሁ። ከዚህ ከ1,900 ሜትር ገደማ ተነስቶ ሰከላ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ በመካከል የሚወረደውና እንደገና የሚወጣው አይቆጠርም። የመጨረሻው ዳገት ላይ ጠበል የሚሄዱ ሰዎች ቀድመውኝ ነበር፤ ዘንግ የያዙ አሮጊት፣ ጀሪካን ያዘለ ልጅ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ ሴቶች። ግርጌው ላይ ቆምኩ። ውኃ ጠጣሁ፣ ማርሹን አቀለልኩ፣ የከብቱን ፈለግ ፈለግሁ። ከዚያ ከአሮጊቷ እኩል ወጣሁ። እርሳቸው ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፣ ስለ ፍኖተ ሰላም በርበሬ ዋጋ ጠየቁኝ፤ ሁሉንም መለስኩላቸው። አንዲት ቃል አልተቆራረጠችብኝም። አፋፉ ላይ «አበጀህ ልጄ» ብለው ዘንጋቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ እኔም በሶዬን አውጥቼ አብረን በላን።

ብስክሌቷ በሩ አጠገብ ቆማለች። ያ የተበጠሰው ካቴናም በኪሴ አለ። ማየት የምትፈልጉ ተማሪዎች ወደ ፊት ኑ፤ ማርሹን እንቀይርባትና ከአዳራሹ ጀርባ ያለውን ዳገት ተራ በተራ እንሞክረዋለን።